ወርቁን ማስቀደም፦ ከጎጃም ሆኖ የመጽሐፍ ወኪል ስለመፈለግ

የተከበራችሁ ጸሐፊዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላና ከፍኖተ ሰላም መንገዱን ችላችሁ ባሕር ዳር ድረስ ስለመጣችሁ ሰዓታችሁን በመግቢያ አልፈጅም። የዛሬው ጉዳይ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚጠቅም፣ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ሲገኝም በምን ውል እንደሚያዝ።

በቅድሚያ ወኪል ደላላ አይደለም። ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይቀበላል፤ ሽያጩ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። የሥነ ጽሑፍ ወኪል ግን የደራሲው ብቻ ነው። ረቂቁን ያነባል፣ የሚጎድለውን ይናገራል፣ በየትኛው አሳታሚ ቤት የትኛው አርታኢ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደሚወድ ያውቃል፤ ዋጋ ይደራደራል፤ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ይፈትሻል፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላም የሽያጭ ሒሳቡን ይከታተላል። የትርጉም፣ የፊልምና የድምፅ መጽሐፍ መብቶችንም ለየብቻ ይሸጣል። ገንዘቡ በእሱ በኩል ያልፋል፤ አሳታሚው ለወኪሉ ይከፍላል፣ ወኪሉም ድርሻውን ቀንሶ ለደራሲው ያስተላልፋል። ድርሻው በለንደንም በኒውዮርክም የተለመደ ነው፤ በሀገር ውስጥ ሽያጭ 15 በመቶ፣ ወደ ሌላ ሀገር ቋንቋ ሲሸጥ ደግሞ እዚያ ላለው ተባባሪ ወኪል ስለሚካፈል 20 በመቶ። መጽሐፉ ካልተሸጠ ወኪሉ አምስት ሳንቲም አያገኝም። የሚመርጠውም የሚዘገየውም ለዚህ ነው፤ ወራት የሚፈጅ ሥራ በነጻ ጀምሮ ኋላ ይከፈለኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ነገሩ ለእኛ ሕግ እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2199 ወኪል በወካዩ ስም ሕጋዊ ሥራ የሚሠራ ሰው መሆኑን ይደነግጋል። ከቁጥር 2672 ጀምሮም ስለ ማሳተም ውል የተጻፈ ክፍል አለው። ወኪሉ ያልበቀለው በመጽሐፍ ገበያችን አሠራር ምክንያት ነው። እዚህ ደራሲው ራሱ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ለማተሚያ ቤቱ ይከፍላል፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፣ ከዚያም ሒሳቡን ሲለምን ይከርማል። አሳታሚ ለደራሲ ቅድሚያ ክፍያ በማይሰጥበት ገበያ ወኪል 15 በመቶ የሚቆርጥለት ነገር የለም። ስለዚህ በአማርኛ ጽፎ በአማርኛ ለሚያሳትም ሰው ወኪል ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነው። ለእሱ የሚጠቅመው ጥሩ አርታኢና ከአከፋፋዩ ጋር የተጻፈ ውል ነው። ወኪል የሚያስፈልገው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በውጭ አሳታሚዎች ዘንድ እንዲታይ የሚፈልግ ደራሲ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የግጥም መድበል ያለው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀ ወይም ጥናታዊ ሥራ የጻፈ ሰው በአብዛኛው ወኪል አያገኝም፤ እነዚህ በቀጥታ ለአሳታሚ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ይቀርባሉ። የአጭር ልቦለድ መድበልም ብቻውን ለወኪል ይከብደዋል። ልቦለድ፣ የሕይወት ታሪክና ለሰፊው አንባቢ የተጻፈ ኢ-ልቦለድ ግን የወኪል ሥራ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልናገር ወደመጣሁት ነገር ልምጣ። እኛ ጎጃሞች ጽሑፍን የተማርነው፣ የቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጥነው እንኳ፣ በቅኔ ልክ ነው። የዋሸራና የዲማ ቅኔ ቤቶች ያሳደጉት ጆሮ ሰሙን ፊት ይሰማል፣ ወርቁን ፈልጎ ያገኛል። ጥበቡ በመሸሸግ ነው፤ ቶሎ የተገለጠ ነገር ቀለለ ይባላል። ይህ ለመጽሐፉ ታላቅ ሀብት ነው፤ ለወኪል በሚላክ ደብዳቤ ላይ ግን እንቅፋት ይሆናል። ወኪሉ በቀን በርካታ ደብዳቤ ያያል፤ ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ወርቁን ሊፈልግ አይቀመጥም። ደብዳቤው ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ከዚህ አካባቢ የሚወጡ ማቅረቢያዎች ሳይነበቡ የሚቀሩበት ትልቁ ምክንያት የእንግሊዝኛ ድክመት አይመስለኝም፤ መሸሸጋችን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳል።

ከደብዳቤው በፊት ያለው ሥራ

ልቦለድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ማለቅ አለበት። «ግማሹን ጽፌአለሁ፣ ወኪል ካገኘሁ እጨርሰዋለሁ» የሚባል ነገር በልቦለድ የለም። ወኪሉ ወደደው ማለት በነጋታው «ሙሉውን ላክልኝ» ይላል፤ የለም ከተባለ በሩ ይዘጋል። ኢ-ልቦለድ ግን በእቅድ ይቀርባል፤ ስለምን እንደሆነ፣ አንባቢው ማን እንደሆነ፣ የምዕራፎቹ ይዘት፣ ጸሐፊው ለምን ለዚህ ጉዳይ ተገቢ እንደሆነ፣ ከዚያም አንድ ወይም ሁለት የተጻፉ ምዕራፎች።

ርዝመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ገበያ ለመጀመሪያ ልቦለድ የሚመቸው ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ቃል ሲቆጠር ነው። አማርኛ በአንድ ቃል የሚያስረውን እንግሊዝኛ ዘርዝሮ ይጽፈዋል፤ «ስላላየኋት» የምትለው አንዲት ቃል ሲተረጎም ስድስት ቃል ትሆናለች። ስለዚህ በአማርኛ 90,000 ቃል የሆነ ልቦለድ ተተርጉሞ ከ100,000 በእጅጉ ሊያልፍ ይችላል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስተርጉማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሩ፤ ባገኛችሁት ልክ ሙሉውን ገምቱ። በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ይህ የተገመተው የእንግሊዝኛ ቁጥር ነው፤ ግምት መሆኑም ይገለጻል።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ በአማርኛ የተጻፈ ሥራ ላላቸው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሙሉውን አስተርጉሞ ማቅረብ ነው፤ ውድ ነው፣ ነገር ግን ከፍተኛ ዕድል የሚሰጠው እሱ ነው፤ አማርኛ የሚያነብ ወኪል ወይም አርታኢ ማግኘት ጭንቅ ነውና። ሌላው ከ20 እስከ 30 ገጽ ናሙና፣ ሙሉውን ታሪክ የሚናገር ዝርዝር ማጠቃለያ፣ መጽሐፉ በአማርኛ ታትሞ ከሆነም የታተመበትን ዘመንና የተሸጠውን ቅጂ ብዛት በእውነት ማቅረብ ነው። ናሙናው ከመጽሐፉ መጀመሪያ ይሁን። «ምርጡ ክፍል ምዕራፍ 14 ነው» የሚል ካለ፣ መስተካከል ያለበት ምዕራፍ 1 ነው።

ከተርጓሚው ጋር ያለ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። በ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ማስተርጎም የደራሲው መብት ነው፤ ትርጉሙ ራሱ ግን አንዴ ከተሠራ የራሱ ጥበቃ ያለው ሥራ ይሆናል። አሜሪካ ያለ ዘመድ «በነጻ ተርጉሜልሃለሁ» ብሎ ሲሰጥ ደስ ይላል፤ መጽሐፉ ሊሸጥ ሲል ግን ወኪሉ «የትርጉሙ መብት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወረቀት ከሌለ ሽያጩ እዚያው ይቆማል፣ ዝምድናውም ይታመማል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማን እንደተረጎመ፣ ምን እንደሚከፈለው ወይም ከገቢው ስንት በመቶ እንደሚያገኝ፣ ስሙ በመጽሐፉ ላይ እንደሚወጣ፣ ደራሲው ትርጉሙን ለአሳታሚ የመስጠት መብት እንዳለው፣ ቀንና የሁለቱ ፊርማ።

መጽሐፋችሁ በአማርኛ የወጣው በራሳችሁ ወጪ ከሆነ የትርጉም መብቱ የእናንተው ነው። ከአሳታሚ ጋር ተፈራርማችሁ ከሆነ ግን ያንን ውል አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። «ሙሉ መብቱን አስተላልፌአለሁ» የሚል መስመር ካለበት በመጀመሪያ እሱ ይፈታ። የቅጂ መብት ጥበቃ በሕጋችን ያለ ምዝገባ የሚገኝ ነው፤ ሥራው ተፈጥሮ ወረቀት ላይ ወይም ፋይል ላይ ካረፈ ይበቃል፤ ዘመኑም የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ይሰርቁኛል» ብሎ ናሙና ከመላክ መፍራት አያስፈልግም። ወኪል ሐሳብ ሰርቆ አይተዳደርም፤ የሚኖረው በተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ስለ ፋይሉም አንድ ነገር። ከዓመታት በፊት በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ረቂቅ ዛሬ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይሆናል፤ ፊደሎቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አቆጣጠር፣ ስላልተጻፉ ነው። ለተርጓሚ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩትና ገጽ በገጽ አመሳክሩት፤ ሲቀየር «ኀ» እና «ሐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ይቀያየራሉ፣ ሥርዓተ ነጥብም ይጠፋል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በታይምስ ኒው ሮማን 12፣ በድርብ የመስመር ክፍተት፣ ገጹ ተቆጥሮ፣ በዎርድ ፋይል ይሁን።

ትክክለኛውን ሰው መፈለግ

ወኪል የሚፈለገው በየድርጅቱ ስም አይደለም፤ በሰው ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ አስር ወኪል ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ወንጀል ነክ ልቦለድ ብቻ ያነባል፣ ሌላዋ ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጣ ሥራ ትፈልጋለች። መነሻ የሚሆነው የመጽሐፍ ምስጋና ገጽ ነው። የእናንተን የሚመስል፣ በቅርብ ዓመታት የወጣ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ፈልጉና የመጨረሻ ገጾቹን ተመልከቱ፤ ደራሲዎች ወኪላቸውን በስም ያመሰግናሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች በእንግሊዝኛ ያወጧቸውን መጻሕፍት፣ ከሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች የተተረጎሙትንም በዚሁ መንገድ ፈትሹ። ከዚያ ስሙን ይዛችሁ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ ሂዱ፤ ወኪሉ አሁን ማቅረቢያ ይቀበላል ወይስ ዘግቷል? ምን ላኩ ይላል? የብሪታንያ የደራስያን ወኪሎች ማኅበርና የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር የአባላት ዝርዝር አላቸው፤ ለጀማሪ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ዓላማችሁ ከ30 እስከ 40 ስም ያለው ዝርዝር ነው። በደብተርም ይሁን በኤክሴል፦ ስም፣ ድርጅት፣ ለምን እሱን እንደመረጣችሁ፣ የሚጠይቀው ነገር፣ የላካችሁበት ቀን፣ የመጣው መልስ።

የሚጠይቁት ነገር ይለያያል። በብሪታንያ ብዙዎቹ ደብዳቤ፣ የአንድ ገጽ ማጠቃለያና የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች ይላሉ። በአሜሪካ ብዙዎቹ ደብዳቤና የመጀመሪያ 5 ወይም 10 ገጽ ብቻ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ ገጾቹን በኢሜይሉ አካል ውስጥ ለጥፉ ይላል፣ አባሪ አይከፍትም። ሌላው በድረ ገጽ ቅጽ ብቻ ይቀበላል። የተባለውን ብቻ አድርጉ። አምስት ገጽ ላለ ሰው ሃምሳ ገጽ መላክ ልግስና አይሆንም፤ መመሪያ እንዳላነበባችሁ ማሳያ ነው።

ደብዳቤው

በእንግሊዝኛ ከ250 እስከ 350 ቃል፣ ከአንድ ገጽ የማያልፍ። እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነውና።

ደብዳቤውን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። በብዛት የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦

«ይህ ልቦለድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደትና ስለ ማኅበረሰባችን ውስብስብ ገጽታ የሚያወሳ፣ አንባቢን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቡን ሰቅሎ የሚይዝ፣ ጥልቅ ፍልስፍና ያዘለ ሥራ ነው።»

በዚህ ውስጥ ሰው የለም። ቦታ የለም። የሆነ ነገር የለም። የሺህ መጻሕፍት ጀርባ ላይ ቢለጠፍ ለሁሉም ይሆናል። «ልብ ሰቅሎ የሚይዝ» የሚለውን መፍረድ የአንባቢው ፈንታ ነው፤ ደራሲው ስለራሱ ሲለው ዋጋ የለውም። አሁን ለዛሬው ንግግር ብቻ የተፈጠረ ታሪክ ልውሰድና ወርቁን ፊት አስቀድሜ ላሳያችሁ፦

«የይታይሽ ባል ከሞተ አርባ ቀኑ ነው። ደጀን ከተማ ዳር አረቄ እያወጣች ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። የባሏ ወንድም የእርሻውን የይዞታ ደብተር በስሙ አዙሮ ሲመጣ፣ መሬቱ የእሷ መሆኑን ሊመሰክርላት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ባሏን በመግደል የሚጠረጠረው ሰው ነው። መሬቱን ለማዳን ከእሱ ጎን ፍርድ ቤት መቆም አለባት፤ ከቆመች ደግሞ የባሏ ቤተሰብ ልጆቿን ይወስድባታል።»

አራት ዓረፍተ ነገር። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ማን እንደሚከለክላት፣ ብታገኘው ምን እንደምትከፍል ሁሉም አለ። ፍቅርና ክህደት የሚሉ ቃላት የሉበትም፤ ነገሩ ግን አለበት። ጉባኤ ቃና የሚባለውን ቅኔ ባሕርይ ለምታውቁ፣ እዚህ የሚጠቅማችሁ አጭርነቱ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሙሉ ምሥጢር ይቋጥራል። ያንን ቋጠሮ ያዙ፤ መሸሸጉን ግን ለመጽሐፉ ተዉት።

ስለ ሀገራችን ቃላትም ልብ በሉ። ከላይ «አርባ» የተባለው ለውጭ አንባቢ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሐዘን ቀን መሆኑን «ባሏ የሞተበትን 40ኛ ቀን እያሰበች» በሚል አጭር ሐረግ መግለጥ ይቻላል። «የይዞታ ደብተር» ያለ ማብራሪያ ከታሪኩ ይገባዋል። «አረቄ» እንዳለ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ቃል ማብራሪያ የሚሰጥ ደብዳቤ የቱሪስት መጽሔት ይመስላል።

ከታሪኩ አንቀጽ በፊት አንድ ወይም ሁለት መስመር ይቀድማል፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ዓይነቱ፣ የቃሉ ብዛት፣ ከአማርኛ የተተረጎመ መሆኑ፣ ይህንን ወኪል ለምን እንደመረጣችሁት። «በዓለም ታዋቂ ወኪል ስለሆኑ» አይባልም፤ «የእገሌን ልቦለድ ስለወከሉና የእኔም በገጠር መሬት ክርክር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ» ይባላል። ቀጥሎ አቻ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ባለፉት ሦስት ወይም አምስት ዓመታት የወጡ፣ ያነበባችኋቸው ሁለት መጻሕፍት። የዓለም ታላላቅ ክላሲኮች እዚህ አይገቡም። ወኪሉ የሚጠይቀው «ከእነሱ ትበልጣለህ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን መጽሐፍ ዛሬ የሚገዛው ሰው ምን ሲያነብ ነበር?» ብሎ ነው።

የራሳችሁ ማስተዋወቂያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የዲፕሎማና የሥልጠና ሰርተፊኬት ዝርዝር አያስፈልግም። ልቦለዱ ስለ አብነት ተማሪ ከሆነና እናንተ ቆሎ ተማሪ ሆናችሁ ካደጋችሁ፣ ያ ከማስተርስ ዲግሪ ይበልጣል፤ ጻፉት። በፊት የወጣ መጽሐፍ ካላችሁ ዘመኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት። «2009» ብላችሁ ብትተዉት ወኪሉ ከ2016 ወይም ከ2017 ይልቅ ብዙ ዓመት ያረጀ ሥራ አድርጎ ያነበዋል።

ስማችሁ ከአሁኑ ይወሰን። የእኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የውጭ ቅጽ ግን ሁለት ሳጥን ይዞ ይጠይቃል። በፓስፖርት፣ በባንክ ሒሳብና በውል ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጻፍ። «ጸጋዬ»ን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የሚጽፍ ሰው ክፍያው ባንክ ላይ ሊታገድበት ይችላል።

ማጠቃለያው ከደብዳቤው የተለየ ነው። አንድ ገጽ፣ ወደ 500 ቃል፣ በአሁን ጊዜ ግሥ፣ ታሪኩን ከመነሻ እስከ መድረሻ። መጨረሻውን ይናገራል። ይታይሽ መሬቱን አገኘች ወይስ አላገኘችም? ባሏን የገደለው ማን ነው? «ለማወቅ መጽሐፉን ያንብቡ» ተብሎ የተላከ ማጠቃለያ ተመላሽ ነው፤ ወኪሉ ማየት የሚፈልገው ደራሲው ታሪኩን መቋጨት መቻሉን ነውና። ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ገጽ ነው፤ ወርቁ ራቁቱን የሚቆምበት ገጽ። የጎንዮሽ ገጸ ባሕርያትን አስወግዱ፤ ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ስም አይግባበት።

መላክና መጠበቅ

አርባውን ሁሉ በአንድ ቀን አትላኩ። በአንድ ዙር ከ5 እስከ 8፤ ከአንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ አንድ ሰው። ለብዙዎች በአንድ ወቅት መላክ ነውር አይደለም፣ የተለመደ ነው፤ ግን ኢሜይሉ ለእያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ፣ አድራሻዎች በአንድ መስመር ተደርድረው አይታዩ። መልስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙዎች ካልፈለጉት ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን እንደ እምቢታ ቁጠሩት። ነሐሴ፣ የፍራንክፈርት የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ የሚካሄድበት ጥቅምትና የታኅሣሥ በዓላቸው ሰሞን መልስ ይዘገያል።

መልሶቹን እንደ ሐኪም አንብቧቸው። ከ15 ወይም ከ20 ሰው አንድም ተጨማሪ ገጽ የጠየቀ ካልኖረ ሕመሙ ደብዳቤው ወይም የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ላይ ነው፤ መላኩን አቁማችሁ እሱን አስተካክሉ። ሙሉውን ጠይቀው ካነበቡ በኋላ የሚመልሱት ከሆነ ደብዳቤው ሠርቷል፤ የታመመው መጽሐፉ ነው፤ ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ። ሁለት ወኪሎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጉድለት ከተናገሩ ማረም ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ሲታረምለት አይከፋም፤ ያንኑ ልብ ይዞ መቀመጥ ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምትኖሩ፦ ሙሉው ረቂቅ፣ ማጠቃለያውና የተርጓሚው ውል በሁለት ፍላሽ ላይና በኢሜይላችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላ ከተማ ያለ የምታምኑት ሰው ቅጂ ይያዝ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «የኢንተርኔት መቆራረጥ ስላለ መልሴ እስከ አስር ቀን ሊዘገይ ይችላል» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይቀየምም።

አጭበርባሪውን መለየት

እውነተኛ ወኪል ገንዘብ አይጠይቅም። የማንበቢያ፣ የምዝገባ፣ የአርትዖት፣ የፊልም ማስተዋወቂያ፣ ምንም። የአሜሪካው ማኅበር አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ዛሬ በብዛት የሚመጣው ማጭበርበር የታወቀ ወኪልን ስም የያዘ ኢሜይል ነው፤ ያላካችሁትን መጽሐፍ አድንቆ ይጽፋል፣ ትልቅ አሳታሚ ጠይቆታል ይላል፣ ከዚያ «ለሕግ ጉዳይ» ጥቂት መቶ ዶላር ይላል። አድራሻውን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ከነጻ ኢሜይል የመጣ ከሆነ በድረ ገጹ ላይ ባለው አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ። ወኪል አድኖ አይመጣባችሁም ማለት አይደለም፤ የሚመጣው ግን ጽሑፋችሁን አንብቦ ነው፣ ስለዚህ ከውስጡ አንድ ነገር ይጠቅሳል። በዶላር የሚከፈል ነገር ዘመድ ለምናችሁ ከማፈላለጋችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

እሺ ሲል

ወኪል ሲፈልጋችሁ በስልክ ወይም በዙም እንነጋገር ይላል። ሰዓቱን ተጠንቀቁ። በፈረንጅ ክረምት ኒውዮርክ ከእኛ 8 ሰዓት፣ ለንደን 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ በበጋቸው 7 እና 2 ይሆናል። ኒውዮርክ ጠዋት 10 ሰዓት ቢሉ በክረምታቸው ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። መልሳችሁ ስትጽፉ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር አረጋግጡ፣ ወሩንም በስም ጻፉ፤ 05/03 ለአንዱ ግንቦት ለሌላው መጋቢት ነው።

እዚያ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። በመጽሐፉ ላይ ምን ለውጥ ይፈልጋሉ? ለየትኞቹ አርታኢዎች ሊልኩት አስበዋል? ከትርጉም የመጣ ሥራ ሸጠው ያውቃሉ? የተርጓሚውን ክፍያ እንዴት ያዩታል? በዚያው ቀን እሺ አትበሉ። ረቂቁን ለያዙ ሌሎች ወኪሎች ጽፋችሁ ሁለት ሳምንት ስጧቸው፤ ይህ ወግ ነው፣ የመጀመሪያው ወኪልም ይጠብቀዋል።

ውሉ ላይ አራት ነገር ፈልጉ። ለአንድ መጽሐፍ ነው ወይስ ለምትጽፉት ሁሉ? ድርሻው 15 እና 20 ነው? በ30 ወይም በ60 ቀን ማስታወቂያ ውሉን ማፍረስ ይቻላል? በእናንተ ፈንታ የመፈረም ሥልጣን ይሰጠዋል? የመጨረሻው «አይ» መሆን አለበት፤ እሱ ይደራደር፣ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ከተለያያችሁም በኋላ እሱ በሸጠው መጽሐፍ ላይ ድርሻው ይቀጥላል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው። አንድ የአሜሪካ አሳታሚ 10,000 ዶላር ቅድሚያ ሰጠ እንበል። ይህ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ሲፈረም፣ የታረመው ረቂቅ ሲጸድቅና መጽሐፉ ሲወጣ እየተከፈለ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የወኪሉ 1,500 ይቀነሳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት 30 በመቶ እዚያው ሊያዝ ይችላል፤ ከጠቅላላው ከተያዘ 3,000 ነው። የሚቀረው 5,500፣ ከእሱም የተርጓሚው ድርሻ። ደብልዩ-8ቤን የሚባለውን የግብር ቅጽ ወኪሉ ይልክላችኋል፤ ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። ቅድሚያው ከሽያጭ ድርሻ ላይ የሚታሰብ ነው፤ ለጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ የተለመደው ለመጀመሪያ 5,000 ቅጂ 10 በመቶ ነው፤ በ25 ዶላር ቢሸጥ ለአንድ ቅጂ 2.50። ስለዚህ 4,000 ቅጂ እስኪሸጥ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሽያጩ ከዚያ ቢያንስም የተቀበላችሁትን ቅድሚያ አትመልሱም።

ከሻይ በኋላ ያመጣችኋቸውን ደብዳቤዎች በየሦስት ሰው እየሆናችሁ ታነባላችሁ። እስከዚያው እስክሪብቶ አንሡና የራሳችሁ ገጽ ላይ ሰው፣ ቦታና የሆነ ነገር በአንድነት የተገኙበትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ከሦስተኛው መስመር በታች ያሰመራችሁ ሰዎች ከላይ ያለውን ሁሉ ሰርዛችሁ ኑ።